ለልጆች የተሰጠ ቀን

ከውጭ አገር የሚመለስ መንገደኛ ሻንጣውን ሲከፍት ቤተሰቡ በዙሪያው ይሰበሰባል። ለአንዱ ጫማ፣ ለሌላው ሹራብ፣ ለአያት መነጽር፣ ለጎረቤት ሽቶ ይወጣል። ሻንጣው ባዶ ከሆነ በኋላ ደግሞ ስለ ሕንፃው፣ ስለ መንገዱና ስለ ባቡሩ ወሬው ይቀጥላል። እኔ ግን ከጉዞ ሊመጣ የሚገባው ትልቁ ስጦታ በሻንጣ የሚያዝ አይደለም እላለሁ። ያም ስጦታ ለልጆች ተብሎ የተሰጠ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ይህን የምልበትን ምክንያት በምሳሌ ላስረዳችሁ።

ሾላ ገበያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከመርካቶ ቀጥሎ ስማቸው ከሚነሣው የከተማዪቱ ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ሲሆን፣ የሚገኘውም በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ ነው። ቅቤው፣ በርበሬው፣ እህሉ፣ ቅመማ ቅመሙ፣ ጀበናውና ሰፌዱ በየተራው ተደርድሮ ይሸጥበታል። በዚህ ገበያ ቅቤ የሚነግዱ አንዲት እናት አሉ እንበል። ገና ጎሕ ሲቀድ ከቤት ይወጣሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆኑ በቤታቸው የሚያድሩባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ወንድሟ የሰባት ዓመት ሕፃን ነው። እነዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው ፍቅር አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ጊዜ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን በዴንማርክ ርእሰ ከተማ በኮፐንሃገን የሚኖረው የልጆቹ አጎት ቤተሰቡን ጋበዘ እንበል። የእኛ ክረምት በዚያ አገር በጋ ነው፤ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። እናትየዋ ንግዳቸውን ለእኅታቸው አደራ ሰጥተው፣ አባትየውም ፈቃድ ወስደው፣ አራቱም በአውሮፕላን ተሳፈሩ። በደረሱ በሳምንታቸው አጎትየው ቲቮሊ ወደሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ይዟቸው ሄደ።

ቲቮሊ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1843 ነው። በዚያን ጊዜ ከከተማዪቱ ምዕራባዊ በር ውጭ፣ በአሮጌው ምሽግ ላይ የተተከለ የአትክልት ስፍራ ነበር። ከተማዪቱ እያደገች ስትሄድ በዙሪያው ተስፋፍታ ዋጠችው፤ ዛሬ የሚገኘው በዋናው ባቡር ጣቢያና በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ አጠገብ ነው። መሬቱ ምን ያህል ውድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ለሱቅና ለመሥሪያ ቤት ተብሎ አልፈረሰም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944፣ የናዚ ተባባሪዎች በፈንጂ ብዙውን ክፍል አቃጥለውት ነበር፤ የከተማዪቱ ሰዎች ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ከፈቱት። በውስጡም በ1914 የተሠራ፣ በእንጨት ተራራ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚምዘገዘግ ባቡር አለ። በዚህ ባቡር ላይ አንድ ሠራተኛ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ፍሬኑን በእጁ ይቆጣጠራል።

ባቡሩ ዘንድ በደረሱ ጊዜ እናትየዋ፣ «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ልያችሁ፤ እናንተ ተጫወቱ» አሉ። ትንሹ ልጅ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ጎተታቸው። እምቢ ማለት አልሆነላቸውምና ተሳፈሩ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ስመ እግዚአብሔር ጠርተው ጮኹ፤ ወዲያውም ሳቁ። አባትየውም የልጅነታቸው ወዝ ተመልሶ ፊታቸው በራ። ልጅቱ እናቷ እንዲህ ከልባቸው ሲስቁ ያየችበትን ሌላ ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ ሆኖም አልመጣላትም። ከምሳ በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፉ እናትየዋ በትውልድ አገራቸው ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር ዥዋዥዌ ይጫወቱ እንደነበር፣ አንድ ቀን ጠፍሩ ተበጥሶ ክንዳቸው እንደ ተሰበረ አጫወቷቸው። ልጅቱ በዚያ ክንድ ላይ ያለውን ጠባሳ ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ኖራለች፤ ታሪኩን ግን የሰማችው ያን ቀን ነው።

ቤተሰቡ ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጀመሪያው ዓርብ ማታ ትንሹ ልጅ፣ «እማዬ፣ ነገ የት እንሄዳለን?» ሲል ጠየቀ። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ነገ እኮ ቅዳሜ ነው ልጄ፤ ገበያ ነው» አሉት።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ያሳመረው ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች ባቡሩና መብራቱ ነው ይላሉ። ከዚህም በመነሣት፣ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ልጆቻችንን ማስደሰት አንችልም» ብለው ይደመድማሉ። ይህ አስተያየት ስሕተት ይመስለኛል። ባቡሩ ሥራውን የሠራው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቀኑን ቀን ያደረገው አራቱም ሰዎች ከጧት እስከ ማታ አንድ ላይ መዋላቸው፣ እናትየውም ሒሳብ የማያስቡበት ሰዓት ማግኘታቸው ነው።

መሣሪያ ብቻውን ዘላቂ ደስታ እንደማይሰጥ ታሪክም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ጆርጅ ፌሪስ የተባለ መሐንዲስ 80 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግዙፍ መንኮራኩር አቆመ። መንኮራኩሩ 36 ክፍሎች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜም ከ2,000 በላይ ሰዎችን ይይዝ ነበር። ዓለም ተደነቀበት፤ ነገር ግን ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ ፈራርሶ ለብረቱ ተሸጠ። በሌላ በኩል ዲዝኒላንድን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1955 በካሊፎርኒያ የከፈተው ዋልት ዲዝኒ ሐሳቡ የመጣለት እንዴት እንደሆነ ሲናገር፣ ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ለብቻው ተቀምጦ ይጠብቅ እንደነበር ያወሳል። ወላጆችና ልጆች አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ቢኖር ብሎ ያሰበውም በዚያን ጊዜ ነው። በዓለም የታወቀው ያ ስፍራ መነሻው መሣሪያ ሳይሆን ከልጆቹ ተለይቶ የተቀመጠ አባት ነበር ማለት ነው።

ቋንቋችንም ይህንኑ ያስተምረናል። በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይገልጻል። ልጆች በሜዳ ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው፤ አዋቂዎች በቡና ዙሪያ ሲያወጉም ጨዋታ ነው። በየቤታችን ሁለቱ ጨዋታዎች ተለያይተዋል። ልጆች ወደ ውጭ ይባረራሉ፤ ታላላቆች ውስጥ ይቀራሉ። በዚያ በዛፍ ጥላ ሥር ግን ሁለቱ ተገናኙ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ «የደላው ሙቅ ያኝካል፤ የዕለት ጉርሱን የሚያሳድድ ሰው ለጨዋታ የሚሆን ቀን ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንድ ቀን ሱቅ መዝጋት ለብዙ ቤተሰብ የአንድ ቀን ዳቦ ማጣት ነው። የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጠዋል። ለራሱ የሚሠራ ነጋዴ ግን ዕረፍትን የሚሰጠው ሌላ አሠሪ የለውም፤ ለራሱ ካልፈቀደ በቀር ዓመቱ ያለ ዕረፍት ያልፋል። ሆኖም ልጅነትም እንደዚሁ ያልፋል። ዛሬ ያልተሸጠ ቅቤ ነገ ይሸጥ ይሆናል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሰባት ዓመት ልጅ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ እኛ ልጆችን የምናሳድገው በሥራና በሥነ ሥርዓት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የገዛ ልማዳቸውን የዘነጉ ይመስለኛል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ እንደነበር፣ ጌታውም ቢመታ እንዳይቆጣ ልማድ ይከለክለው እንደነበር የማያውቅ ማን ነው? ቡሄ ሲሆን ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ፤ ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባ ይዘው ይዞራሉ። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲመለስም አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ያጅባሉ። አባቶቻችን ከዓመቱ ቀኖች መካከል ለደስታ የተለዩ ቀኖችን ማበጀት ያውቁበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ የልጆችን የዕረፍትና የጨዋታ መብት ሲያውጅ ለእኛ ፍጹም እንግዳ ነገር አላመጣም።

ታዲያ ያች የሾላ ገበያ እናት ምን ማድረግ ይችላሉ? ወደ ኮፐንሃገን በየዓመቱ መሄድ አይችሉም፤ አያስፈልጋቸውምም። መፍትሔው ከራሳቸው ገበያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የገበያ ሰው እቁብን ያውቃል። ዐሥራ ሁለት ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው በየተራ እንደሚወስዱት ሁሉ፣ ቀንንም በእቁብ መሰብሰብ ይቻላል። ለዚህም ጎን ለጎን የሚነግዱ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ይስማሙ፤ በየወሩ አንድ ቀን፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ሲያርፍ የቀሩት ሸቀጡን ይሽጡለት፤ ማታም ሒሳቡን ያስረክቡት። እናትየው ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ንግዳቸውን ለእኅታቸው አደራ ሰጥተው አልነበረምን? ለሩቅ መንገድ የተገኘ አደራ ተቀባይ ለአንድ ቀን አይታጣም። እያንዳንዱ ነጋዴ በዓመት አንድ ቀን ሙሉ ያለ ኪሳራ ለልጆቹ ይሰጣል ማለት ነው። አንድ ቀን ጥቂት ነው ትሉ ይሆናል፤ ግን ጨርሶ ከማጣት ይሻላል። እቁቡ ከጠነከረም ቀኖቹ ሁለትና ሦስት ይሆናሉ።

ቀን ከተገኘ በኋላ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ከተማችን ባዶ አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፍቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተመርቋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅትም መኪና የተዘጋበት አስፋልት ለልጆች ምን ያህል ሰፊ ሜዳ እንደሚሆን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ትላልቅ ፓርኮች የትራንስፖርትና አንዳንዴም የመግቢያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በየሰፈሩ፣ በእግር የሚደረስበት፣ ዛፍና ሣር ያለው ትንሽ ሜዳ ሊጠበቅ ይገባል። ገበያና ሜዳ ሲሻሙ ሜዳው ሁልጊዜ መሸነፍ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ችግሩ አስገዳጅ ነበር፤ ነገር ግን የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ሜዳው ተጸድቶ ለሕዝቡ ተመለሰ። ሕዝብ ሜዳዬ ነው ብሎ የሚጠይቀው ቦታ እንዲህ ይመለሳል፤ ጠያቂ የሌለው ግን በዝምታ ይታጠራል። ቲቮሊ በከተማ እምብርት ላይ ቆሞ የቀረው ጠያቂ ስለነበረው ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ዛሬ በዚያች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዕድሜ ላይ ናችሁ። ነገ ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ የከተማ ፕላን አውጪዎች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ሜዳ መጠበቅም፣ የቀን እቁብ መመሥረትም በእጃችሁ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን የምትችሉት ነገር አለ። ወላጆቻችሁ ቀን እንዲሰጧችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እናንተ ጥቂት ሰዓት ስጧቸው፤ በዕረፍት ቀናችሁ ሱቁን ጠብቁላቸው፤ እቃውን አንሡላቸው። ከዚያም በተረፈው ሰዓት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሜዳ አብረዋችሁ እንዲወጡ ለምኗቸው። በዛፍ ጥላ ሥር ስትቀመጡም የልጅነታቸውን ጨዋታ ጠይቋቸው። ዕድሜያችሁን ሙሉ ያያችሁት የአንድ ጠባሳ ታሪክ እስካሁን ሳይነገራችሁ ቀርቶ ይሆናል።