መቁጠሪያና ሰይፍ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ግቢ የምንገኝ ተማሪዎች ስታር ዋርስ የተባለውን የጠፈር ፊልም ስናይ ስለ ጄዳዮች ብዙ እናወራለን። ጄዳይ ትዳርና ሀብት ትቶ፥ በተመስጦ ኃይል አግኝቶ፥ የተጣላውን ሊያስታርቅ የሚዞር መናኝ ወታደር ነው። እኛ ግን የምናደንቀው የብርሃን ሰይፉን ብቻ ነው። ስሕተታችንም ከዚህ ይጀምራል።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማየት ወደ ሰማይ መውጣት አያስፈልግም፤ ወሎ ታውቀዋለች። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጀማ ንጉሡ ሼህ መሐመድ ሻፊ የቃዲሪያን ጠሪቃ እያስተማሩ ሰይፍም አንሥተው ነበር። ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ጉባዔ ከተደረገ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሣ ብለው አዘዙ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ብዙ ሰውም ተከተላቸው። ሹሙ ሃይማኖቱን ሲለውጥ ለባላገሩ የቀረለት ከሹመት ውጭ የቆመ ሰው ነበርና።

ታዲያ ከሼህ ጦልሃ ዛሬ የቀረን ምንድን ነው? ጦራቸው አይደለም፤ በዐማርኛ የደረሱት መንዙማ ነው። ወደ ጀማ ንጉሥም ሕዝብ ለመውሊድ የሚጎርፈው ለዱዓ እንጂ ለዘመቻ አይደለም። አባጋርም ቢሆን ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀው በምርቃቱ እንጂ በጠመንጃ አይደለም።

ጄዳዮችስ በምን ጠፉ? ሰይፍ አንሷቸው አይደለም። የመንግሥት ጦር አዛዦች በሆኑ ጊዜ አስታራቂነታቸው ቀረ፤ በ1997 ዓ.ም. በወጣው ክፍል እንደሚታየው የመሩት ጦር ራሱ ፈጃቸው።

ይህ ለእኛ ተረት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፥ ይህም ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍ፥ ብዙዎቻችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ያን ጊዜ ጠመንጃ የያዘ አልጠፋም፤ የጠፋው ሁለቱም ወገን የሚሰማው ሽማግሌ ነበር።

አንዳንዶች «ሽማግሌ ጥይት አያቆምም» ይሉናል። እውነት ነው፤ የተተኮሰውን አያቆምም። ገና ያልተተኮሰውን ግን ሊያቆም የሚችለው እርሱ ነው፤ የሚችለውም የማንም ሎሌ ካልሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ሼሁንና ቄሱን፥ አባጋሩንም ለየስብሰባው ማድመቂያ የሚጠራ ባለሥልጣን፥ ለወገኑ ብቻ እንዲመርቁለት የሚሻ ታጣቂም፥ ነገ የሚያስታርቀውን ሰው ዛሬ እየገደለ መሆኑን ይወቅ።

እኛስ? በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ከነዚህ አባቶች እግር ሥር ተቀምጠን፥ ደም እንዴት እንደሚደርቅ ጠይቀን እንጻፍ። ሰይፉን የሚያስተምር ሞልቷል።