ፊልሙ ሲያልቅ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች

ከሲኒማ ቤት ሲወጡ ምን ይዘው ይወጣሉ? እንደ አብዛኞቻችን ከሆኑ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዜማውን እያፏጩ፥ ስለ ተዋናይቱ መልክ ከጓደኛዎ ጋር እየተከራከሩ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርሳሉ፤ በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቱ ፋይል ወይም ከአልጀብራው ደብተር ጋር ሲገናኙ ግን ፊልሙ ከአሳብዎ ይጠፋል። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ፊልሙ ሲያልቅ ሥራ ስለሚጀምሩ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች መብራቱ ሲበራ የሚያነሡት ጥያቄ «ያ ወታደር የደፋው የራስ ቁር ከምን ተሠራ? እኔስ በቤቴ ልሠራው እችላለሁን?» የሚል ነው።

ጆርጅ ሉካስ የተባለው አሜሪካዊ «ስታር ዎርስ» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ ያሳየው በ1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ፊልሙን ያየ ሁሉ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ነጭ ጥሩር የለበሱትን የክፉውን መንግሥት ወታደሮች ያስታውሳቸዋል። ሃያ ዓመት ቆይቶ፥ በ1997፥ በደቡብ ካሮላይና የሚኖር አልቢን ጆንሰን የሚባል ሰው ከጓደኛው ከቶም ክሩ ጋር ሆኖ ይህንኑ ልብስ እየሠሩ የሚለብሱ ሰዎች ማኅበር አቋቋመ። ጆንሰን ከጥቂት ዓመታት በፊት በደረሰበት የመኪና አደጋ ምክንያት አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ልብስ አንድ ሰው ብቻውን ለብሶ አደባባይ ቢወጣ መሣቂያ ይሆናል፤ ሁለት ሲሆኑ ሰው ይሰበሰባል፤ አሥር ሲሆኑ ሰልፍ ነው። ማኅበሩ 501ኛው ሌጌዎን ይባላል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ከ10 ሺህ በላይ አባሎች አሉት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጀግናው የሚይዘው የብርሃን ሰይፍ እጀታ ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስላል። እውነቱ ግን የፊልሙን ዕቃዎች ያሰናዳ የነበረው ሮጀር ክርስቲያን፥ ገንዘብ ስላልተትረፈረፈለት፥ ለንደን ውስጥ ከአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ያገኘው አሮጌ የግራፍሌክስ ካሜራ የፍላሽ እጀታ ነው። ጋዜጠኞች ከካሜራቸው ጎን አያይዘው አምፖል ያበሩበት የነበረውን ይህን ቱቦ ወስዶ ጥቁር የላስቲክ ቁራጮች አጣበቀበት፤ ከኪስ ሒሳብ ማስያ ያወጣውን የፕላስቲክ ማጉያም ጨመረበት፤ ሰይፍ ሆነ። የወታደሮቹም ጠመንጃ ስተርሊንግ የተባለው የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ነው፤ ጥቂት ነገር ተለጥፎበታል እንጂ። የሰፈር ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ ክዳን መኪና ሲሠሩ ያየ ሰው ይህን ዘዴ ለመረዳት አይቸገርም። ክርስቲያን ግን በዚሁ ፊልም ሥራ ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል።

አድናቂዎቹ ፊልሙን እያቆሙ፥ ሥዕሉን እያጎሉ የየዕቃውን ምንጭ ደረሱበት። ከዚያ ወዲያ ማንም ዘወር ብሎ ያላየው የፍላሽ እጀታ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ስንቱ ደኅና ካሜራ ፍላሹ ተነቅሎ ዕርቃኑን ቀረ። አሮጌ ካሜራ የሚወድ ሰው ቢያዝን አልፈርድበትም። ደግነቱ በኋላ ቅጂውን እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ።

ጥሩሩን ለመሥራት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በመጀመሪያ የደረቱም የጉልበቱም ቅርጽ በጀሶ ወይም በእንጨት ይሠራል። አንድ ሰፊ የፕላስቲክ ገበታ በክፈፍ ተይዞ በእሳት ይሞቃል፤ ሲለሰልስ መካከሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይረግባል። ያን ጊዜ በፍጥነት ከቅርጹ ላይ ያለብሱታል፤ ከሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች አየሩ ሲሳብ ፕላስቲኩ ከቅርጹ ጋር ይጣበቃል፤ ሲበርድም እንደዚያው ሆኖ ይደርቃል። በፋብሪካ ይህን የሚሠራ ትልቅ መኪና አለ፤ እነዚህ ሰዎች ግን በወጥ ቤት ምድጃና አቧራ በሚስብ የቤት መኪና ይሠሩታል። (የሚስቶቻቸውን አስተያየት ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።) ከዚያ በኋላ መቁረጥ፥ መሞረድ፥ ማጣበቅ፥ በጠፍር ማያያዝ ይቀራል፤ ይህም ብዙ ሌሊት የሚፈጅ ሥራ ነው። ልብሱ ሲያልቅም ችግሩ አያልቅም። የለበሰው ሰው እንደልቡ መቀመጥ አይችልም፤ ትንፋሹ የዐይኑን መስተዋት ያጨልምበታል፤ ደረጃ አይታየውም፤ ስለዚህ እጁን ይዞ የሚመራው ጓደኛ አብሮት ይሄዳል። በ1977ቱ ፊልም ውስጥ እንኳ አንዱ ወታደር በበር ሲገባ ራሱን ከበሩ ጋር ሲያጋጭ ይታያል፤ ኩባንያው በ2004 ፊልሙን እንደ ገና ሲያወጣ ስሕተቱን በማጥፋት ፈንታ የግጭቱን ድምፅ ጨመረበት።

ማኅበሩ ማንንም ዝም ብሎ አይቀበልም። እጩው ልብሱን ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል፤ መርማሪዎችም ከተጻፈው ደንብ ጋር ያስተያዩታል። ካለፈ የወታደር ቁጥር ይሰጠዋል፤ የጆንሰን ቁጥር 210 ነው። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ የፊልሙ የራስ ቁሮች በችኰላ በእጅ የተሠሩ ስለነበሩ ግራና ቀኛቸው አይመጣጠንም፤ አድናቂዎቹም ያንኑ ጠማማነት ጭምር በጥንቃቄ ይገለብጣሉ። በእኔ ክፍል የጎረቤቱን ስሕተት ከነነጠላ ሰረዙ የገለበጠ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ እነርሱ ዘንድ ያስመሰግነዋል።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ለፊልሙ የራስ ቁሮቹን በፕላስቲክ ያወጣው እንግሊዛዊው አንድሩ አይንስወርዝ ከ2004 ጀምሮ ቅጂዎችን ለሕዝብ ይሸጥ ጀመር፤ የሉካስ ኩባንያም ከሰሰው። በ2011 ጉዳዩ በእንግሊዝ አገር የመጨረሻው ፍርድ ቤት ሲታይ ዳኞቹ የመረመሩት ጥያቄ የራስ ቁሩ ቅርጻ ቅርጽ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። ቅርጻ ቅርጽ ከሆነ እንደ ሠዓሊ ሥራ ለረዥም ዘመን በሕግ ይጠበቃል፤ የፊልም መሥሪያ ዕቃ ከሆነ ግን ጥበቃው አጭር ነው። «ቅርጻ ቅርጽ አይደለም» ተብሎ ተፈረደ። ሆኖም በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚቀርብበትን ክስ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሊያየው እንደሚችል ዳኞቹ ጨምረው ወሰኑ።

ሌጌዎኑ ከዚህ ሁሉ የዳነው ትርፍ ስለማይፈልግ ይመስለኛል። አባሎቹ ተጠርተው ሲሄዱ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የጠራቸው ሰው መክፈል ቢፈልግ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ይነግሩታል። በ2007 ሉካስ በካሊፎርኒያ የታወቀውን የጽጌረዳ ሰልፍ በመራ ጊዜ ከየአገሩ የመጡ አባሎች ተሰልፈው ነበር፤ በ2019 በታየው «ዘ ማንዳሎሪያን» ላይም ኩባንያው ጥሩር ሲያንሰው የጠራው እነዚህኑ ሰዎች ከነልብሳቸው ነው። አንዳንድ ቁም ነገረኛ ሰው «ጢም አብቅሎ የልጅ ጨዋታ?» ይል ይሆናል። እኔን በበኩሌ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ያን ያህል ባለጸጋ ለሆነ ኩባንያ እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ላብ ማስታወቂያ ሆነውለታል። ይህን ቅሬታዬን አሁንም አልተውሁትም፤ ነገር ግን የሚከተለውን ካወቅሁ ወዲህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገረዋለሁ።

በ2004 የጆንሰን ትንሽ ልጅ በአንጎል ካንሰር ታመመች። ኬቲ ትባላለች። በአንደኛው ፊልም ውስጥ አር ቱ ዲ ቱ የተባለው በርሜል መሳይ ሮቦት በተኛች ሴት አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ይታያል፤ ልጅቱም እርሷን የሚጠብቅ እንዲህ ያለ ሮቦት እንዲኖራት ፈለገች። ይህንኑ ሮቦት በየቤታቸው እየሠሩ የሚያንቀሳቅሱ ሌሎች አድናቂዎች አሉና ጆንሰን ለእነርሱ ነገራቸው። ለእርሷም በሮዝ ቀለም አንድ ሊሠሩላት ተነሡ። ሞተር፥ መንኰራኵር፥ መብራት፥ አናቱ ላይ የሚዞር ጕልላት ያለው ሥራ በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ አልነበረም፤ የልጅቱም ጊዜ አጭር ነበር። ስለዚህ ከሠሪዎቹ አንዱ የራሱን ሮቦት ሮዝ ቀብቶ በጁላይ 2005 ወሰደላት። በኦገስት ወር ዐረፈች፤ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ለእርሷ የተጀመረው ሮቦት በ2006 አለቀ፤ አር ቱ ኬ ቲ ብለው ሰየሙት። በየሆስፒታሉ እየዞረ የታመሙ ልጆችን ይጎበኛል። በ2015 ለወጣው ፊልም ኩባንያው ሮቦቶቹን የሚሠሩለት ሰዎችን የቀጠረው ከእነዚሁ አድናቂዎች መካከል ነው፤ በዚያም ፊልም የጦር ሠፈሩ በሚታይበት ቦታ፥ ዐይንዎን ለአፍታ ካልነቀሉ፥ አንድ ሮዝ ሮቦት ከሌሎቹ መካከል ቆሞ ያገኛሉ።