ልጁ የአገር ልጅ፣ ወላጁ ግን እንግዳ

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ተብዬ እንዳልታማ ብፈራም፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የሕግ ጉዳይ ሐሳቤን ልገልጽ እወዳለሁ። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ልጁ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ አባቱ ወይም እናቱ የውጭ አገር ሰው የሆኑ እንደ ሆነ፣ ያ ወላጅ ከልጁ ጋር በዚህ አገር የመኖር መብት ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ይህ ነገር ለአንዳንድ ሰው የሩቅ ወሬ ሊመስለው ይችላል። በተክለ ሃይማኖት ለምንኖር ግን የጎረቤት ጉዳይ ነው። ሠፈራችን ከመርካቶ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነጋዴውና ሠራተኛው ከየአገሩ እየመጣ ሲሰፍርበት ኖሯል። የአዲስ አበባ ሰው የሠፈሩን ሱቅ «ዐረብ ቤት» ብሎ መጥራቱ፣ ከየመን የመጡት ባለሱቆች ከሕዝቡ ጋር ምን ያህል ተዋሕደው እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያትን አግብተው ወልደዋል። የኤርትራ ተወላጆች ደግሞ በዕድርና በዕቁብ ተሳስረው፣ ተጋብተውና ተዋልደው አብረውን የኖሩ ናቸው። ዛሬም ጦርነትና ችግር ከአገራቸው አፈናቅሏቸው በከተማችን የሚኖሩ፣ እዚሁ ትዳር የያዙና የወለዱ ሰዎች አሉ።

የልጆቹን ዜግነት በሚመለከት ሕጋችን ከድሮም ቸር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ከአባትና ከእናቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥ ቢወለድም በውጭ አገር ቢወለድም ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ አገሮች ዜግነት የሚወረሰው ከአባት ብቻ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ወደ ወላጆቹ ሲመጣ ግን ሚዛኑ ተዛብቶ ነበር። ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ኢትዮጵያዊት ስትሆን፣ ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ወንድ በጋብቻው የሚያገኘው ዜግነት አልነበረም።

ይህን ሕግ የተካው የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ወንድንና ሴትን እኩል አደረገ። በዚህ አዋጅ መሠረት ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ሰው፣ ጋብቻው ቢያንስ 2 ዓመት ከሆነውና እርሱም በአገሩ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት ከኖረ፣ የቀረውንም ሁኔታ ካሟላ፣ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። የሚያገኘው ግን የቀድሞ ዜግነቱን ሲተው ነው። አዋጁ ወደ ዜግነት የሚወስዱትን መንገዶች ሲዘረዝር ጋብቻን፣ ጉዲፈቻን፣ ለአገር የተደረገ ልዩ አስተዋጽኦንም ይጠቅሳል። የኢትዮጵያዊ ልጅ አባት ወይም እናት መሆን ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጋብቻው በሞት ወይም በፍቺ የፈረሰ እንደ ሆነ፣ ወይም ከመጀመሪያው ጋብቻ ያልነበረ እንደ ሆነ፣ ይህ የጋብቻ በር ይዘጋል። ባልና ሚስት ሊለያዩ ይችላሉ፤ አባትና ልጅ ግን በምን ፍርድ ይፋታሉ?

የወላጅ መኖሪያ በሕግ ያልጸና እንደ ሆነ ምን እንደሚያስከትል አገራችን በግንቦት 1990 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት አይታለች። በ1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ የሰጡ ሰዎች የኤርትራን ዜግነት እንደ ያዙ ተቈጥረው፣ ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ይደረግ ጀመር። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ የተባረሩትን ወደ 75,000፣ ከኤርትራም ተባረው ወይም ተገደው የመጡትን ኢትዮጵያውያን ወደ 70,000 ይገምታቸዋል። በብዙ ቤት አንዱ ወላጅ ሲሄድ ሌላው ከልጆቹ ጋር ቀረ። የሁለቱ አገሮች ስልክም ስለ ተቋረጠ፣ የአባትን ድምፅ ለመስማት በሦስተኛ አገር የሚኖር ዘመድ መፈለግ ግድ ሆነ።

በጥር 1996 ዓ.ም. መንግሥት ባወጣው መመሪያ፣ ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ጊዜ አንሥቶ በኢትዮጵያ ሳያቋርጡ ለኖሩ ኤርትራውያን ዜግነታቸውን መልሰው የሚያገኙበትን ወይም በቋሚነት የሚኖሩበትን መንገድ ከፈተላቸው። ይህ መልካም ሥራ ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ ለተባረረው ወላጅ አልደረሰለትም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አስመራ ሲበር፣ በ1990 ዓ.ም. የ3 ዓመት ሕፃን የነበረው የ23 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ያም በረራ ቢሆን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተቋርጧል። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ እነዚህ ልጆች ግን ማንም ያልተበደረውን ዕዳ ነው የከፈሉት።

የሐሳቤ ፍሬ ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ወላጅ ሲባረር ልጁ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል። አንድም ወላጁን ተከትሎ አገሩን ያጣል፤ አንድም በአገሩ ቀርቶ ወላጁን ያጣል። በሁለቱም መንገድ የሚቀጣው ኢትዮጵያዊው ሕፃን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ የወላጁ ፓስፖርት የየት አገር ነው ብሎ አልጠየቀም።

በሌላውም ዓለም ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። በየካቲት 2003 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ የቤልጅግ ዜግነት ያላቸው ሕፃናት አባት ስለ ሆነ አንድ የኮሎምቢያ ሰው ፍርድ ሲሰጥ፣ ለአባቱ መኖሪያ መከልከል ልጆቹን ከኅብረቱ ምድር እንዲወጡ ማስገደድ ነው ብሏል። በአሜሪካ ግን ልጁ 21 ዓመት ሳይሞላው ለወላጁ ማመልከት አይችልም። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የ21 ዓመት ልጅ አባቱን የሚሻው ሊጦረው እንጂ ሊያድግበት አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲል ብቻ የሚወልድ ወይም የሰው ልጅ የእኔ ነው የሚል አታላይ ይበዛል ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ፈቃዱ ልጁን በእውነት ለሚያሳድግ ወይም ለሚረዳ ወላጅ ብቻ ይሰጥ፤ ይህንንም ጎረቤትና ትምህርት ቤት ሊመሰክሩ ይችላሉ። ሌሎች ደግሞ የአገር ደኅንነትን ያነሣሉ። ወንጀል የሠራ ሰው በሥራው በፍርድ ቤት ይጠየቅ። የአንዱ ጥፋት ግን በትውልድ ተቈጥሮ በሺሕ በሚቈጠሩ አባቶችና እናቶች ላይ አይውደቅ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደረግ እለምናለሁ። አንደኛ፣ የኢትዮጵያዊ ሕፃን ወላጅ መሆን ብቻውን ለመኖሪያና ሠርቶ ለማደር በቂ ምክንያት ሆኖ በሕግ ይጻፍ፤ ወላጁም ለዚህ ሲል የገዛ ዜግነቱን እንዲተው አይገደድ። ሁለተኛ፣ ይህ ፈቃድ ጋብቻ ሲፈርስ ወይም ኢትዮጵያዊው ወላጅ ሲሞት አይሻር፤ ልጁ የቀረውን ወላጅ ይበልጥ የሚሻው ያን ጊዜ ነውና። ሦስተኛ፣ በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ፣ ዳኛ የልጁን ነገር ሳይመረምር ማንም ወላጅ ከአገር አይባረር።

ነገ ዳኞችና ሕግ አውጪዎች የምንሆነው ዛሬ በአንድ ዴስክ የተቀመጥነው ተማሪዎች ነን። አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ከእኛ ጋር አንድ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላል፣ አንድ መዝሙር ይዘምራል። አገሩም ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ አባቱን ወይም እናቱን እንዲያገኝ ልታደርግለት ይገባታል።