«ዛሬውኑ ንገሪው» ከማለት በፊት

በቴሌግራም የምክር ግሩፖች እኩለ ሌሊት ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ቫይረሱ በደሟ ያለ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የምትወስድ ሴት ሽማግሌ ሊላክላት ነው እንበል። «ምን ብዬ ልንገረው?» ትላለች። መልሱ ይዥጎደጎዳል። ግማሹ «ዛሬውኑ ንገሪው፣ መደበቅ ኃጢአት ነው»፣ ግማሹ «እንዳትሞክሪው!» ይላታል። ከነገረችው በኋላ ያለውን ሌሊት የት እንደምታድር የሚጠይቃት ግን የለም።

እጮኛዋ የማወቅ መብት አለው፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው መቼና እንዴት የሚለው ነው። ብዙ ቤተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት ስለሚጠይቁ እሷ ዝም ብትል ወረቀቱ ይናገራል። (እሱስ ተመርምሮ ያውቃል? ይህንንም የሚጠይቅ የለም።)

በ1990ዎቹ የመቅድምና የተስፋ ጎህ አባላት መድረክ ላይ ወጥተው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ሲሉ ነፃው መድኃኒት ገና አልመጣም ነበር፤ የመጣው በ1997 ነው። ያ ድፍረት አገር አስተምሯል። ዛሬ የምትጠይቀው ሴት ግን አገር ልታስተምር አይደለም፣ ለአንድ ሰው ልትናገር ነው። የምትናገረውም ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፓርትነር ጥናት አንዱ ብቻ ቫይረሱ ያለበትን 888 ጥንዶች ተከታትሎ ነበር። ያለ ኮንዶም ግንኙነት የሚያደርጉ ነበሩ፤ የታካሚው ቫይረስ መጠን በመድኃኒት ወርዶ ሳለ ከእሱ ወደ አጋሩ የተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። ይህን አስረድቶ የሚነግር ሰው ይዛ መቅረብ ትችላለች። መድኃኒት የምትወስድበት ጤና ጣቢያ አማካሪ አለ፤ እጮኛዋን ይዛ ሄዳ በአማካሪው ፊት መንገር ይቻላል። ዱላ የምትፈራ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት ደኅንነቷ ይቀድማል፤ ብቻዋን፣ በር ዘግታ መንገር የለባትም።

ግሩፖቹ ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። በእሷ መንገድ ያለፈ ሰው «እኔ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ» ሲላት የትኛውም ብሮሹር የማይሰጣትን ታገኛለች። ቃሉን ደጋግማ ጽፋ፣ አጥፍታ፣ እንደገና ጽፋ ትለማመዳለች። በውስጥ መስመር «ፈውስ አለኝ፣ መድኃኒቱን አቁሚ» እያለ የሚመጣውን ነጋዴ ወዲያው የሚያባርር አድሚን ካለ ደግሞ የበለጠ ነው።

ችግሩ ስልክ ቁጥሩ ላይ ነው። የ952 «ወገን» መስመር ላይ የሚደውል ሰው ፊት አልነበረውም። ቴሌግራም ላይ ግን ቁጥሯን የመዘገበ የሰፈር ልጅ ግሩፑ ውስጥ ካለ፣ በመዘገበበት ስም ያያታል። አንድ ስክሪንሾት ይበቃል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከመጠየቋ በፊት ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ስም፣ ፎቶ የሌለው ፕሮፋይል ያስፈልጋታል። አድሚኖችም የአባላትን ዝርዝር መሸሸግና መልእክት ፎርዋርድ እንዳይደረግ መዝጋት ይችላሉ። በሴቲንግ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ያላደረገ አድሚን አባላቱን «ግልጽ ሁኑ» ሊል አይገባውም።