ከሰልፉ የወጣ ልጅ ወዴት ይሂድ?

ባለፈው ማክሰኞ ጧት በጳውሎስ በኩል ወደ ሥራችን ስንሄድ፣ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ያህል ልጇን እጁን ይዛ ከአንድ ትምህርት ቤት ደጅ ቆማ አየን። ሰልፉ አብቅቶ ተማሪው ሁሉ ወደየክፍሉ ገብቷል። ምን እንደ ሆነች ብንጠይቃት፣ «እዚህ አይሆንም፤ የሚሆነው ቦታ ፈልጊለት አሉኝ» አለችን። ጥፋቱም ደወል ሲደወል ጆሮውን መያዙ፣ ሲጠሩት ቶሎ አለመመለሱ፣ ከመቀመጫው እየተነሣ በመስኮት ማየቱ ነው። ይህን ስትነግረን ልጁ የሚያልፉትን ታክሲዎች የሰሌዳ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር።

የልጁ ጠባይ ምን እንደሚባል ሐኪም ይወቀው። እኛ የምንጠይቀው፣ ያ «የሚሆነው ቦታ» የት ነው? ብለን ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ሥራቸው ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን እናት ሁሉ ትምህርት ቤት ልታቋቁም ትችላለችን?

ሕጉስ አለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24፣ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ያዛል። ሕጉ ግን ከትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

የጥንቱ የኔታ በአለንጋው ይታማል፤ አለንጋውንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከልክሎታል፤ መልካም አደረገ። ከየኔታ ልንወርሰው የሚገባን ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ትዕግሥቱ ነው። ጓደኛው ዳዊት ሲደግም ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ቢኖር፣ ዘገየህ ተብሎ ከዛፉ ሥር አይነሣም ነበር፤ እያንዳንዱ በየራሱ እርምጃ ይሄዳልና። የዛሬው ክፍል ግን ሁሉም በአንድ ደወል ተነሥቶ በአንድ ገጽ ላይ እንዲውል ይፈልጋል።

መምህሩን ብቻ አንወቅስም። አንድ ሰው ብዙ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል ያለ ሥልጠናና ያለ ረዳት ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለዚህ መምህሩ ሥልጠናና ረዳት ያግኝ፤ ወላጅም ነገሩን ገና በጧቱ ይስማ እንጂ በመጨረሻው ቀን ከበር ላይ አይነገረው። ልጅ ለማሰናበት የሚያስብ ዲሬክተርም አስቀድሞ ምን ምን እንደ ሞከረ በጽሑፍ ያሳይ። ምንም ካልሞከረ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

የትምህርት ቤት ክብር አንደኛ በሚወጣው ተማሪ ብቻ አይለካም። አንደኛ የሚወጣውማ የትም ቢሆን ይማራል። በዚያ ማክሰኞ ግን ማንበብ የሚችል ልጅ ከማንበቢያው ቤት ደጅ ቆሞ የመኪና ቁጥር ያነብ ነበር። ይህ ለማናችንም የሚያኮራ አይደለም።