ድምፁን ዘግቶ ጽሑፉን መተው

የሱዳን የቴሌኮሙኒኬሽንና ፖስታ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በዋትስአፕ የድምፅና የምስል ጥሪ ላይ ገደብ ሲጥል ሁለት ነገር ተናገረ። ምክንያቱ የአገር ደኅንነት ነው፤ የጽሑፍ መልእክትና የቡድን መወያያው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል፤ ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት የሚፈራው ነገር እንዳለውም አልክድም። እኔን ዕረፍት የነሳኝ ሁለተኛው ነው።

ጽሑፉ አለላችሁ የሚለው ማጽናኛ ማንን አስቦ የተነገረ ነው? ሰባ ዓመት ያለፋትን የኦምዱርማን እናት እናስብ። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ስልኳን የሚከፍትላት የልጅ ልጇ ነው። ልጇ ካይሮ፣ እህቷ አትባራ፣ የአርባ ዓመት ጎረቤቷ ደግሞ በመተማ በኩል ተሻግራ እኛ ዘንድ። የዚህች ሴት ሐዘን በፊደል አይወጣም። ይውጣ ቢባል እንኳ ጸሐፊው የልጅ ልጇ ነው፤ ለልጅ ልጅ የማይነገር ደግሞ አለ።

የተቀዳ ድምፅ መላክ ይቻል የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይቻላል። ግን ሌሊት አልቅሳ የላከችው ድምፅ መልሱ በማግሥቱ ቀን ሲመጣ፣ እንባዋ ደርቆ፣ መናገሯም አሳፍሯት ይቆያታል። እንዲህ ያሉ አዛውንት በስልክ ጥሪ ሊያገኙት የሚችሉት የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና ደግሞ ሰባት ስምንት ሰው በአንድ ሰዓት ተገናኝቶ የሚያደርገው ነገር ነው። አንዱ ሲናገር ድምፁ ይሰበራል፤ ሌላዋ «እኔም» ትላለች። ሐኪሙ የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ቪፒኤን ጭኖ ገደቡን ማለፍም ለወጣቱ ቀላል ነው፤ ለእሷ ግን ሌላ የልጅ ልጅ፣ ሌላ ልመና ነው።

ደግሞ በአንድ ላይ ሆኖ ሐዘንን መታከም ለሱዳን ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ከቀብር በኋላ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚቀመጥበትን ሐዘን ፊራሽ ይሉታል። ዛር የእኛም የእነሱም ነው፤ ስሙ እንኳ አልተለወጠም፤ ሴቶች በአንድ ላይ ሆነው የሚታከሙበት ነበር። ዛርን አጥንቶ፣ ከባህል ፈዋሾች ጋር ተቀራርቦ የሠራው ሱዳናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፕሮፌሰር ቲጃኒ አል ማሂ (ከ1911 እስከ 1970 እ.ኤ.አ.) ይህን በደንብ ተረድቶት ነበር። በስሙ የተሰየመው ሆስፒታል ኦምዱርማን ውስጥ ነው፤ ኦምዱርማን ደግሞ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል የጦር ሜዳ ሆና ቆየች። ካርቱም ውስጥ ስንቱ በገዛ ግቢው ተቀበረ፤ ፊራሽም አልተነጠፈለት። የሚነጥፉትና የሚቀመጡት አዛውንት ተበታትነዋል። ዛሬ አንድ ላይ ሊያስቀምጣቸው የሚችል ነገር ቢኖር ያ የተገደበው የዋትስአፕ ጥሪ ነበር።

ኔትዎርኩም ቢሆን የሚታመን አልነበረም። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን የስልክ መስመሮች በአመዛኙ ሲቋረጡ የስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት መሣሪያ ያለው ሰው ኢንተርኔቱን በሰዓት ይሸጥ ነበር። በሰዓት በሚገዛ መስመር ላይ ማን ሐዘኑን ረጋ ብሎ ይናገራል?

ስለዚህ ገደቡ ይነሣ እላለሁ፤ ያለማመንታት። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እኔንም ያስጨንቀኛል። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሽማግሌ ዝም ሲሉ ሐኪሙ ፊታቸውን ያያል፤ አጠገባቸው ያለው ሰው እጃቸውን ይይዛል። በስልክ ዝም ሲሉስ? ልጃቸውን አስታውሰው ነው ወይስ መስመሩ ተቋርጦ? «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልን ስንጠራቸው ያንን ዝምታ ሰብረንባቸው ይሆን? ጨርሶ ባይመለሱስ፣ በዚያ ሌሊት በራቸውን የሚያንኳኳ ማን አለ?