ዓይናችሁን ለኩባንያ አደራ ከመስጠታችሁ በፊት

እንደ እኔ ብርሃናችሁን ያጣችሁ፣ ዕድሜያችሁም የገፋ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፤ ይህን የማስጽፈው ለእናንተ ነው። የሚያነብላችሁ ልጅም አብሮ ይስማ፤ ነገሩ እሱንም ይመለከታል።

ሰሞኑን በየቤታችን አንድ ወሬ ገብቷል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ይደውልና «አባዬ፣ ዓይን የሚያበራ ቺፕ ተሠርቷል፤ ቤቱም ቢሆን ይሸጥና እናሳክምሃለን» ይላል። ልጁን አልወቅስም፤ የሚያናግረው ፍቅር ነው። ወሬውም ከመሬት የተነሳ አይደለም። እኔን ያሰጋኝ ከወሬው ጋር ሳይነገረን የቀረው ነው።

የእኔ በሽታ በዳፍንት ይጀምራል። መጀመሪያ ሲመሽ መሄድ ያቅታል፤ ቀጥሎ ዕይታ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይመጣል፤ በመጨረሻ ይጨልማል። በዘር የሚወረስ ነው፤ ሐኪሞች ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይሉታል። አርገስ ቱ የተባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ በሽታ ስለነበር ታሪኩን በቅርብ ስከታተል ኖሬያለሁ። እናንተም ከነፍጻሜው ብታውቁት ይበጃል።

ሠሪው ሰከንድ ሳይት የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነበር። መነጽር ላይ ትንሽ ካሜራ ይገጠማል። ካሜራው ያየውን ወገብ ላይ ወደሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ይልካል፤ እሱም ምስሉን አቅልሎ ያለ ሽቦ ወደ ዓይን ያስተላልፈዋል። ዓይን ውስጥ ደግሞ 60 ኤሌክትሮዶች ያሉበት ስስ ነገር በቀዶ ሕክምና ገብቶ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ በሬቲናው ላይ፣ በትንሽ ችንካር ይያዛል። ኤሌክትሮዶቹ ሬቲናውን በኤሌክትሪክ ሲነኩት ሰውየው የብርሃን ብልጭታ ያያል። ብልጭታ ነው የምላችሁ፤ የልጅ ልጅ ፊት አይታይበትም። የበሩ መቃን የት እንደሚጀምር፣ በጥቁሩ አስፋልት ላይ ነጩ የእግረኛ መሻገሪያ የት እንደተሰመረ ለመለየት እንኳ ረጅም ልምምድ ይጠይቅ ነበር። ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ያገኙት ሰዎች ደስታ እውነተኛ ነበር።

አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2011፣ አሜሪካ በ2013 ፈቀዱለት። ዋጋው 150,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውና ሥልጠናው ሳይታሰብ ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ ሰዎች አስገጠሙት።

ከዚያ በ2019 ኩባንያው አርገስ ቱን መሥራት አቆመ። በ2020 አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ፤ ለመክሰርም ተቃረበ። ዓይናቸውን ለሰጡት ሰዎች ግን በጊዜው ቀርቦ «እንዲህ ሆነናል» ያላቸው አልነበረም። ጉዳዩን በ2022 አደባባይ ያወጡት የአንድ የመሐንዲሶች መጽሔት ጋዜጠኞች ናቸው። እነሱ እንደጻፉት፣ ከዚያ ዓመታት ቀድሞ አንዲት የኒውዮርክ ሴት በምድር ባቡር ጣቢያ ደረጃ ልትወርድ ስትል መሣሪያው ጢት ጢት የሚል ድምፅ አሰማና ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አልበራም። ማውጣቱ ሌላ ቀዶ ሕክምናና ሌላ አደጋ ስለሆነ የማይሠራው ዕቃ ዓይኗ ውስጥ ቀረ። ሌላው ወገቡ ላይ የሚይዘው ክፍል ሲበላሽበት መለዋወጫ ፍለጋ ሌሎች ተጠቃሚዎችንና ሐኪሞችን ለመለመን በቃ። ሌላው ደግሞ ሐኪም ኤምአርአይ የሚባል ምርመራ ሲያዝለት፣ ዓይኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚነግረው አጣ።

ወፍጮ ቤት ያለው ሰው መለዋወጫ ሲጠፋ ሞተሩን አውጥቶ ይጥላል፤ በሩንም ዘግቶ ሌላ ሥራ ይይዛል። ዓይን ግን በሩ ተዘግቶ የሚኬድበት ቤት አይደለም። የሰው አካል ውስጥ ዕቃ አስቀምጦ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ዞር ማለት በየትኛውም ሕግ ሊፈቀድ አይገባም። ይህን ስል የምቆጣው ከልቤ ነው።

ነገሩ የአንድ ኩባንያ ብቻም አይደለም። ተመሳሳይ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ሬቲና ኢምፕላንት የተባለው የጀርመን ኩባንያም በ2019 ሥራውን ዘግቷል። አሁን ስሙ በየስልኩ የሚዞረውን ፕሪማ የተባለውን ቺፕ ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ፒክሲየም ቪዥንም ገንዘብ አጥሮት ወድቆ፣ ቺፑን በ2024 የገዛው ሳይንስ ኮርፖሬሽን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ስለ ፕሪማ እውነቱን ልናገር፤ ከአርገስ ቱ እጅግ የራቀ ነው። ጎኑ 2 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሽቦ የሌለው ቺፕ ሬቲና ሥር ይገባል። በ2025 በታተመው ጥናት ከ38 አረጋውያን አንድ ዓመት የተከታተሉት 32 ነበሩ፤ ከነዚህ 26ቱ በግልጽ የሚለካ መሻሻል አሳይተዋል፤ ፊደልና ቃል ያነበቡም አሉ። በዚያው ጥናት ግን 19ኙ ከባድ የሚባል የጤና ችግር ገጥሟቸዋል፤ አብዛኛው ቢድንም ማለት ነው። ደግሞም በዚያ ጥናት የተሞከረው በእርጅና ምክንያት የሬቲናቸው መሐል በሞተባቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ግላኮማ የዕይታ ነርቩን የገደለበት ሰው በዚህ ቺፕ አያይም፤ ቺፑ የሚናገረው በዚያው ነርቭ በኩል ነውና። በትራኮማ ጠባሳ የዓይኑ መስታወት ለጠፋበትም መድኃኒቱ ይህ አይደለም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት፣ ከዓይነ ሥውርነት የግማሽ ያህሉ መንስኤ የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ምን ያዘኝ ሳይል፣ ተመርምሮ ሳያውቅ፣ ቺፕ ይመጣልኛል ብሎ እቤት የተቀመጠ እኩያዬ ካለ ነገ ጠዋት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በሞራ ምክንያት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተአምር መጠበቅ በገዛ ራስ ላይ መፍረድ ነው።

በሽታችሁ ከቺፑ ጋር የሚስማማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ዕድሉን ርገጡት አልላችሁም። ተስፋችሁን የመግደል መብት የለኝም። ነገር ግን ቤት ከመሸጡ፣ ከዘመድና ከዕድር ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ኩባንያውን ጠይቁት። መነጽሩ ቢሰበር ማን ይጠግናል? መለዋወጫውስ ለስንት ዓመት ይቀመጣል? ኩባንያው ቢከስር ወይም ቢሸጥ ኃላፊነቱን የሚወርሰው ማን ነው? ማውጣት ግድ ቢሆን ወጪው በማን ነው? ወደ አገር ቤት ብንመለስ የሚያየን ባለሙያ አለ ወይ? ልጆች የቋንቋውን ነገር ያግዙ፤ መልሱ ግን ለእናንተ ይነበብላችሁ፤ ዓይኑ የእናንተ ነው።

ነጭ በትራችሁንም አታስቀምጡ፤ ብሬል የምታነቡም አትተዉት። ያቺ የኒውዮርክ ሴት መሣሪያው በጠፋባት ቀን ከደረጃው መውረድ የነበረባት ያለ መሣሪያው ነበር።

አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ የጠየቃችሁት ሁሉ በጽሑፍ ተመልሶ፣ የምታምኑት ሰው አንብቦ ሳያስረዳችሁ አትፈርሙ።